ልጁ እስኪያድግ ፈተናውን ላቁመው ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ሙሉ ቀን በሂሳብ ክፍል የምትሠራ እናት ናት። ልጇ ሁለት ዓመቱ ነው። ኤሲሲኤ የተባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሙያ ትምህርት እየተማረች፣ አፕላይድ ስኪልስ ከሚባለው መካከለኛ ደረጃ ስድስት ፔፐሮች (ፈተናዎች) ሦስቱን አልፋ፣ ኤፍ አር (ፋይናንሻል ሪፖርቲንግ) ላይ ቆማ ቀርታለች። መጀመሪያ 46 አመጣች። ቀጥሎ ከኦዲት ጋር ደርባ ወሰደችውና 44 ሆነ፤ ኦዲቱም አብሮ ወደቀ። «ባለቤቴ ልጁ ትንሽ ከፍ እስኪል ተይው ይለኛል። እኔ ግን አንዴ ካቆምኩ የምመለስ አይመስለኝም። ልጁን አስተኝቼ በየማታው ለሁለት ሰዓት ያህል አነባለሁ፤ ጠዋት ስነሳ ግን ጭንቅላቴ ባዶ ነው። ያለፍኳቸው ፔፐሮችስ ይቃጠሉብኝ ይሆን?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። አይቃጠሉም። ኤሲሲኤ የጊዜ ገደብ ያስቀመጠው በመጨረሻው ደረጃ፣ በስትራቴጂክ ፕሮፌሽናል ላይ ነው። እዚያ የመጀመሪያውን ፔፐር ካለፍሽ በኋላ የቀሩትን ለመጨረስ 7 ዓመት አለሽ። አንቺ ገና እዚያ ስላልደረስሽ ሰዓቱ መቁጠር አልጀመረም። (ሌላ ፈተና የምትወስዱ አንባቢዎች ይህን ለራሳችሁ አትውሰዱት። የአሜሪካው የሂሳብ ባለሙያዎች ፈተና ሲፒኤ ለምሳሌ አንዱን ክፍል ካለፉ በኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለው፤ ርዝመቱም እንደየግዛቱ ይለያያል።)

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ እኔ ቀጥይ ባይ ነኝ። እስካሁን በሄድሽበት መንገድ ከቀጠልሽ ግን ሦስተኛውም ውጤት እዚያው 40ዎቹ ውስጥ ነው የሚሆነው። ያኔ ባለቤትሽ ትክክል ይመስላል፤ አንቺም ራስሽን ሰነፍ ነኝ ማለት ትጀምሪያለሽ። ሰነፍ ሰው ልጅ አስተኝቶ በየማታው ሁለት ሰዓት መጽሐፍ ላይ አይቀመጥም።

እስኪ 46ን ቀረብ ብለን እንየው። ማለፊያው 50 ነው። የጎደለሽ 4 ነጥብ ነው፤ ባለ 2 ነጥብ ሁለት ጥያቄ ማለት ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ያላወቀ ሰው 46 አያመጣም። 46 የሚያመጣው ያወቀውን በሰዓቱ ማውጣት ያቃተው ሰው ነው። ለዚህ ደግሞ ተጨማሪ ንባብ አይፈይድም።

«በየማታው አነባለሁ» ብለሻል። እኔን ያሳሰበኝ «አነባለሁ» የሚለው ቃል ነው። በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ እንዲያነቡ ተደረገ። ገሚሶቹ ያንኑ ደግመው አነበቡ። ሌሎቹ ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሳያዩ የጻፉት በለጡ። አንቺ ማታ «ገባኝ» ብለሽ መጽሐፉን ስትዘጊ ያለሽው አምስት ደቂቃው ላይ ነው። ፈተናው ያለው ደግሞ ከሳምንቱም በጣም ርቆ ነው።

በድካም ላይ የተነበበ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዓይን መስመሩን ይከተላል፣ ሐሳብ ግን ነገ ልጁን ማን ያደርሰዋል የሚለው ላይ ነው። ጥያቄ ሲሆን እንዲህ ማታለል አይቻልም። ወይ መልሱ ይወጣል፣ ወይ አይወጣም።

አንድ ምሳሌ ላሳይሽ። እንደምትሠሪው እርግጠኛ ነኝ፤ ግን ሳታቋርጪ በሁለት ደቂቃ ሞክሪው።

«እናት ኩባንያው በዓመቱ ውስጥ የ120,000 ዶላር ዕቃ ለሰብሲዲያሪው (በሥሩ ላለው ልጅ ኩባንያ) ሸጧል። ዕቃው የተሸጠው በመግዣ ዋጋው ላይ 25 በመቶ ማርክ አፕ ተጨምሮበት ነው። በዓመቱ መጨረሻ የዕቃው አንድ ሦስተኛ ሰብሲዲያሪው መጋዘን ውስጥ አለ። መቀነስ ያለበት ገና ያልተገኘ ትርፍ ስንት ነው?»

መልሱ 8,000 ነው። መጋዘን ውስጥ የቀረው 40,000፣ ሲባዛ 25፣ ሲካፈል ለ125፤ መግዣው 100 ከሆነ መሸጫው 125 ነውና። ባስተማርኳቸው ክፍሎች ሁሉ 10,000 ብሎ የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። 40,000ን በ25 በመቶ አባዝቶ ማለት ነው። ይህ ሰው ኮንሶሊዴሽን (የእናትና የልጅ ኩባንያን ሂሳብ ማዋሃድ) አያውቅም? ያውቃል። ትርፉ መቀነስ እንዳለበት፣ መቀነስ ያለበትም ከቀረው ዕቃ ላይ ብቻ እንደሆነ አውቆ ነው እዚያ የደረሰው። ማርክ አፕን (በመግዣው ላይ የሚሰላውን ትርፍ) እንደ ማርጂን (በመሸጫው ላይ እንደሚሰላው) አድርጎ ስላሰበ ብቻ 2 ነጥብ ሄደበት። ፈታኞቹም ይህን ስለሚያውቁ 10,000ን ከምርጫዎቹ መሐል አያጡትም።

ጥያቄውን ትንሽ እናጣመው። ሻጩ ሰብሲዲያሪው ቢሆንስ? እናት ኩባንያው የያዘው ድርሻ ደግሞ 80 በመቶ ቢሆንስ? 8,000ው ያው ነው። አሁን ግን ትርፉ የተመዘገበው በሰብሲዲያሪው መጽሐፍ ላይ ስለሆነ ከ8,000ው 1,600 የሚሆነው ከአናሳ ባለድርሻዎቹ ላይ ይወርዳል። በመጽሐፉ ላይ ይህ አንድ መስመር ነው። ስታነቢው «እሺ» ብለሽ ታልፊዋለሽ። ስትሠሪውና ስትሳሳቺው ግን አትረሺውም፤ ትንሽ ያናድዳልና።

ስለዚህ የስህተት ደብተር ያዢ። ቆንጆ ማስታወሻ አይሁን፣ በቀለም ማስመርም አያስፈልግም። የተሳሳትሽውን ጥያቄ በአንድ መስመር፣ ለምን እንደተሳሳትሽ በሌላ መስመር ትጽፊያለሽ። «ማርክ አፕ ከሆነ 25 ለ125። ማርጂን ከሆነ 25 ለ100። ሻጩ ማነው?» በቃ ይኸው ነው። ከጎኑ ደግሞ ምልክት አድርጊ፦ አላወቅኩትም፣ አውቄው በደንብ አላነበብኩትም፣ ወይስ ሰዓት አለቀብኝ? ከሦስት ሳምንት በኋላ ምልክቶቹን ቁጠሪያቸው። ብዙ ሰው «አላወቅኩትም» የሚለው ይበዛል ብሎ ይጠብቃል። 46 ላይ ያለ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ መሐለኛው ነው የሚበዛበት።

አሁን ስለ ጊዜ። መጽሐፍሽ በምዕራፍ ተከፋፍሏል። አንድ ምዕራፍ ደግሞ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። የሁለት ዓመት ልጅ ያላት ሴት ሦስት ሰዓት ከየት ታመጣለች? ስለዚህ ምዕራፉ ግማሽ ላይ ይቋረጣል፤ በማግስቱ ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ገጾች አሥር ጊዜ ይነበባሉ፤ የመጨረሻዎቹ አንድም ጊዜ።

ፈተናው ግን ሌላ መለኪያ አለው። 180 ደቂቃ፣ 100 ነጥብ። ለአንድ ነጥብ 1.8 ደቂቃ። ኤፍ አር ሁለተኛው ክፍል ላይ ያሉት ኬዞች (በአንድ ታሪክ ላይ የተመሠረቱ ጥያቄዎች) እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ ናቸው፤ ማለትም 18 ደቂቃ። ሦስተኛው ክፍል ላይ ያሉት ሁለት ትልልቅ ጥያቄዎች ባለ 20 ነጥብ ናቸው፤ 36 ደቂቃ። ጊዜሽን በእነዚህ ቁረጪው። 18 ደቂቃ ልጁ ቀን ተኝቶ እስኪነቃ ይገኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ ይገኛል። 36 ደቂቃ ደግሞ ቤቱ ሳይነቃ ንጋት ላይ ይገኛል። ልጁ መሐል ላይ ቢነሳብሽ እንኳ የሚጠፋው አንድ ኬዝ እንጂ ማታው ሙሉ አይደለም።

የምልሽን በቁጥር ላስቀምጠው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን አንድ ኬዝ፣ 18 ደቂቃ። ለማረምና ለስህተት ደብተሩ ሌላ 20 ደቂቃ ገደማ። ማረሙን አትዝለይው፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። ቅዳሜ ወይም እሑድ አንድ ጊዜ ብቻ ሦስት ሰዓት፦ ሁለት ትልልቅ ጥያቄ በሰዓት፣ እርማት፣ ከዚያ በሳምንቱ ደጋግመሽ የወደቅሽበትን ርዕስ መጽሐፍ ገልጦ ማየት። መጽሐፉ የሚገለጠው ያኔ ነው። ሲደመር በሳምንት ከስድስት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። እስካሁን በየማታው ሁለት ሰዓት ስታነቢ በሳምንት 14 ሰዓት ነበር፤ አሁን ከግማሽ በታች ነው የምልሽ። የተረፈውን ተኚበት። ቀልድ አይደለም፤ የተማርነው ነገር የሚረጋው ስንተኛ ነው። እኩለ ሌሊት ድረስ አምሽቶ ማንበብ ያወቁትን ራሱ ማስረጃ እንደሌለው ሂሳብ ያደርገዋል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ርዕሶቹን ከዚህ በፊት ለሄደባቸው ሰው ነው። ኤፍ አርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ ላይ ንባብና ትምህርት ይብዛለት፤ ግን እሱም ቢሆን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጥያቄ ይንካ።

ሁለት ፔፐር መደረቡን እርሺው። ኤሲሲኤ በአንድ ዙር እስከ አራት ይፈቅዳል፤ የፈቀደው ግን ለሁሉም ሰው ነው፣ ሥራ ለሌለውም ልጅ ለሌለውም። ለአንቺ አንድ በቂ ነው። ዙሩ በዓመት አራት ጊዜ ነው፦ በማርች፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር። ኦዲቱን ከኤፍ አር በኋላ ብትወስጂው ይቀልሻል። ኦዲት ላይ ያሉት ጥያቄዎች የስቶክን አያያዝ፣ ፕሮቪዥንን (ለሚጠበቅ ወጪ የሚያዝ መጠባበቂያ)፣ ከዓመቱ መዝጊያ በኋላ የተፈጠሩ ነገሮችን እያነሱ ነው የሚሄዱት። ኤፍ አርን ያለፈ ሰው እነዚህን ይዞ ነው የሚገባው።

ዙሩን ስትመርጪ መጀመሪያ የቢሮሽን ካሌንደር እይ። ዓመታዊ ሂሳብ መዝጊያ ከፈተናው በፊት ባሉት ስድስት ሳምንታት ውስጥ ከሚያርፍበት ዙር ሽሺ። የመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት የሞክ (የሙከራ ፈተና) እና የክለሳ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ ቢሮ ከቆየሽ ዙሩ ከመጀመሩ አልቋል። ወር መዝጊያውን ግን አትፍሪው። በዚያ ሳምንት ቀኑን ወደ አንድ የምርጫ ጥያቄ አውርጂው። ባዶ ቀን ብቻ አይኑር።

ከዚያ ቀድመሽ ተመዝገቢ። ምዝገባው ሦስት ደረጃ አለው፤ ቀደም ያለው ርካሹ፣ የዘገየው ውዱ ነው። መደበኛው ምዝገባ እስኪዘጋ ድረስ ሐሳብሽን መቀየር ስለምትችይ ቀድሞ መመዝገብ አያሥርሽም። ያልተመዘገበ ሰው ደግሞ አያጠናም። ይህን ከራሴ ነው የማውቀው።

እኔም በዚህ አልፌያለሁና አንዲት ነገር ላጫውትሽ። ልጄ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው ካልኩሌተሬን በውሃ ባልዲ ውስጥ «አጠበችልኝ»። ተጣድፌ ሌላ ገዛሁ። ፈተናው ላይ ጣቴ የለመደው ቦታ ሌላ ቁልፍ ነበር፤ ሁለት ጊዜ የሠራሁትን ደመሰስኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ካልኩሌተር እንዳለ ትዝ ያለኝ ፈተናው ሊያልቅ ሲል ነው። ያንን ፔፐር ማለፉን አልፌዋለሁ፤ ግን ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ የምላቸው አንድ ነገር አለ፦ በምትፈተኑበት ነገር ላይ ተለማመዱ። ትልልቆቹ ጥያቄዎች የሚመለሱት በስፕሬድሺትና በጽሑፍ መጻፊያ ላይ ነው። የኤሲሲኤ የመለማመጃ ፕላትፎርም በነፃ የሚገኝ ነው፤ ያለፉ ጥያቄዎችም አሉበት። ወረቀት ላይ ብቻ ስትለማመጂ ከቆየሽ ከ46ቱ የጎደሉት ነጥቦች የተወሰኑት እዚያ ነው የሄዱት ብዬ እገምታለሁ።

ስፕሬድሺቱ ላይ ስትሠሪ 8,000 ብለሽ ብቻ አትጻፊ። ቀመሩን ሴሉ ውስጥ አስገቢው፦ 40000*25/125። አራሚው ሴሉን ከፍቶ ያየዋል። አንዱ ቁጥር ቢሳሳት እንኳ መንገዱ ከታየ ነጥብ አለው። አንድ ቦታ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ይዘሽ ቀጣዩን በትክክል ከሠራሽ ደግሞ የቀጣዩን ነጥብ አታጪም። ባዶ የተተወ ሴል ግን ምንም አያመጣም። ምርጫውም ላይ እንደዚያው፤ የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም፤ አንዲትም ጥያቄ ሳትመልሺ አትውጪ።

ትንተናው ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ነጥብ ያፈሳል። ሬሾዎቹን አስልቶ «የትርፍ ማርጂኑ ከ32 በመቶ ወደ 27 ወርዷል፤ ይህ ጥሩ አይደለም» ብሎ ያቆማል። መውረዱን አራሚውም ያያል። እሱ የሚጠብቀው ለምን እንደወረደ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ጥያቄው ውስጥ ተቀምጧል፦ አዲስ ሰብሲዲያሪ ተገዝቷል፣ ቅናሽ ተደርጓል፣ ወይም አንድ ወጪ ቦታ ቀይሯል። እያንዳንዱን ሬሾ ከአንድ የጥያቄው ዓረፍተ ነገር ጋር እሠሪው። አንቺ ቀን ቀን ቢሮ የምትሠሪው ይኸው አይደል? ለአለቃሽ «ወጪው ጨምሯል» ብለሽ ዝም አትዪም። «ለምን?» ይልሻል። እዚህ ላይ የሥራ ልምድሽ ተማሪ ብቻ ከሆነው ሰው ያስበልጥሻል።

ወደ ባለቤትሽ ልመለስ። «ተይው» ያለው ክፉ አስቦ አይመስለኝም። የሚያየው ነገር በየማታው የምትጠፋ፣ ጠዋት የምትነጫነጭና ሁለት ጊዜ የወደቀች ሚስት ነው። ማለቂያው ደግሞ አይታየውም። «አግዘኝ» ብትዪው «እያገዝኩሽ አይደል?» ይላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። የተቆረጠ ነገር ንገሪው፦ የፈተናው ቀን ይህ ነው፣ ያለው 14 ሳምንት ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ለሦስት ሰዓት ያህል ልጁ ያንተ ነው፣ ሌላውን ቀን እንደ ድሮው። ያቺ ጊዜ ስትደርስ ደግሞ ከቤት ውጪ። ቤት ከሆንሽ ልጁ በሩን ይደበድባል፣ አባትየውም «አንዴ ብቻ ያዢልኝ» ይላል። ቤተ መጻሕፍት፣ ባዶ ቢሮ፣ የዘመድ ቤት፤ የትም ይሁን። ባል ወይም ዘመድ በአጠገባቸው የሌሉ እናቶች ይህን ሲያነቡ ቅር ሊላቸው እንደሚችል አውቃለሁ። ለእነሱ የማውቀው ነገር ከሌላ ተማሪ እናት ጋር ቅዳሜን መቀያየር ነው፤ አንዱን ቅዳሜ ሁለቱንም ልጆች እሷ ትይዛለች፣ ቀጣዩን አንቺ።

ማቆም ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ልጅ በጠና ሲታመም፣ አንቺ ራስሽ ጤና ስታጪ፣ ወይም ቤቱ ውስጥ ያለው ነገር ከፈተና በላይ ሲሆን። ያኔ አንድ ዙር ዝለዪ፣ ማንንም ይቅርታ አትጠይቂ። ግን «ልጁ እስኪያድግ» ብለሽ አታቁሚ። ልጅ የሚያድግበት ቀን ካሌንደር ላይ የለም። የምትመለሺበትን ዙር ስሙን ጠርተሽ አቁሚ። ረዥም ዕረፍት ሌላም ዋጋ አለው፤ ስታንዳርዶቹ አይጠብቁሽም። አይ ኤፍ አር ኤስ 18 የተባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ስታንዳርድ ለምሳሌ በ2024 ወጥቶ የቀድሞውን አይ ኤ ኤስ 1ን ይተካል፤ ከጃንዋሪ 1፣ 2027 ጀምሮ ለሚነሱ የሂሳብ ዓመታት ይሠራል። የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን አቀራረብ ነው የሚቀይረው። ሦስት ዓመት ቆይተሽ ብትመለሺ የምታውቂውን ግማሹን መርሳት ብቻ ሳይሆን የቀረውን ግማሽም እንደ አዲስ ማጥናት ይሆናል።

በምታርፊበት ዙር ደግሞ የሥራ ልምድ መዝገብሽን ሙዪ። ኤሲሲኤ አባል ለመሆን ከፈተናው ሌላ የ36 ወር ልምድ ይጠይቃል። አንቺ በየቀኑ እየሠራሽው ነው፤ ብዙ ሰው ግን መመዝገቡን ለመጨረሻ ያቆየውና ያኔ የሚፈርምለት አለቃ ሥራ ቀይሮ ይጠፋበታል።

የፈተናው ዋዜማ ሌሊት ልጁ ከአባቱ ጋር ይደር፤ አንቺ ሌላ ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ። ይህን አሁን፣ ስትመዘገቢ ተነጋገሩበት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ልጁ እያለቀሰ የሚነሳ ክርክር አይደለም።